አሮጌ ስፖርት መኪና፦ ከጉልበቱ በፊት ጎሚኒው

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ ማይክራፎኑና እኔ ብቻ ነን። የማወራው ያረጀ ስፖርት መኪና ገዝቶ ስለማሻሻል ነው። ወሬው በደፈናው እንዳይሆን አንድ መኪና ልያዝ፤ የመጀመሪያው ትውልድ ማዝዳ ኤምኤክስ-5። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ብቅ ያለው፣ ሁለት ሰው የሚይዘው፣ ጣሪያው የሚታጠፈው። ሞተሩ መጀመሪያ 1.6 ሊትር ነበር፣ ጉልበቱም 115 ፈረስ ገደማ፤ ከ1994 ሞዴል ጀምሮ 1.8 ሆነ። እውነቱን ለመናገር ይህ ጉልበት ማንንም አያስደነግጥም። መኪናው የሚጣፍጠው ክብደቱ አንድ ቶን ስለማይሞላና አራቱም ጎማ ከላይና ከታች በክንድ ስለተያዘ ነው። ታዲያ ሰው ገና እንደገዛው ቱርቦ ሲያስብ፣ ጥሩውን ነገር ትቶ ደካማውን እያሳደደ ይመስለኛል።

ግዢው ላይ ኮፈኑን ለመክፈት አትቸኩሉ። ሞተር ወርዶ ይታደሳል፤ የበሰበሰ ላሜራ ግን ኪስ ያራቁታል። ከበሩ ስር፣ ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት በርከክ በሉ። ከጣሪያው ሸራ የሚወርደው ዝናብ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ግራና ቀኝ ባሉ ሁለት ቱቦዎች ነው የሚወጣው። ቱቦው በቅጠልና በአፈር ሲደፈን ውሃው ወደ ጎን ላሜራው ይገባና ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ቀለሙ ላይ የጣት ጫፍ የምታህል እብጠት ካያችሁ፣ ውስጡ ቀድሞ አልቋል ማለት ነው። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ ካልያዘ ከስር ያለው ስቱኮ ነው። በየቱቦው አፍ ግማሽ ሊትር ውሃ ቀስ እያላችሁ አፍሱና መኪናው ስር እዩ፤ ወዲያው መፍሰስ አለበት። ካልፈሰሰ በሚታጠፍ ቀጭን ፕላስቲክ ጥረጉት፤ በኮምፕሬሰር አየር አትንፉበት፣ ቱቦውን ከቦታው ያስወጣውና ውሃው እንደገና ላሜራው ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደ ሞተሩ። እስከ 1991 አጋማሽ የተሠሩት 1.6ቶች የክራንክሻፍታቸው (ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩት የሞተሩ ዘንግ) አፍንጫ አጭር ነው። ጫፉ ላይ በተገጠመው መዘውር፣ በፑሊው ላይ አራት ክፍት ቦታ ካለ አጭሩ ነው፤ ስምንት ካለው የተሻሻለው ነው። የታይሚንግ ቺንጋ (ክራንክሻፍቱን ከባልቦላዎቹ ጋር የሚያገናኘው ቀበቶ) ሲቀየር የፑሊው የመሀል ቡሎን በልኩ ሳይጠብቅ ከቀረ፣ ዘንጉ ላይ ማርሹን ቆልፋ የምትይዘው ትንሽ ብረት የምትቀመጥበት ቦይ እየተበላ ይሰፋል፤ ታይሚንጉ (ባልቦላውና የካንዴላው እሳት ከፒስተኑ ጋር የሚገጣጠሙበት ጊዜ) ይዋዥቃል፣ መኪናው ጉልበት ያጣል። ሞተሩን አስነስታችሁ ፑሊውን ከፊት ተመልከቱ፤ ከተወላገደ ዋጋ መደራደር ሳይሆን ትቶ መሄድ ነው የሚያዋጣው። ቺንጋው በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀየራል። ይህ ሞተር ቺንጋው ቢበጠስ እንኳ ባልቦላው ከፒስተን አይጋጭም፤ ሌሎች ብዙ ሞተሮች ላይ ግን ቴስታውን ይዞት ይሄዳል። ጠዋት ሲነሳ ከላይ ጠቅ ጠቅ ማለቱ አያስፈራችሁ፤ የባልቦላ መግፊያዎቹ ዘይት ተርበው ነው፣ ብዙ ጊዜ አዲስ ዘይት ዝም ያሰኘዋል። ከታች የሚመጣ፣ ነዳጅ ሲረገጥ የሚወፍር ድምፅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

እሺ፣ ተገዛ። ራዲያተሩን እዩት፤ ከላይ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ወደ ቡኒ ወይም ወደ አረንጓዴ ከዞረ ደርቋል፣ ሳይሰነጠቅ ቀይሩት። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ይሰምጣል፣ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ። ጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ሳምንቱና ዓመቱ ናቸው፤ 2314 ካለ የ2014 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው። ጥርሱ ቢሞላም ጎማው ደርቋል። ፍሬን ማሳደግ ለሚፈልግ፣ የ1.8ቱ 255 ሚሊሜትር የፊት ዲስክ ከነካሊፐር መያዣው በ1.6ቱ 235 ቦታ ይገባል።

ጎሚኒዎቹ ላይ ግን፣ ማለትም ጎማውን የሚይዙት ክንዶች ጫፍ ላይ ባሉት የላስቲክ ቀለበቶች ላይ፣ ቆም እንበል፣ ስህተቱ የሚበዛው እዚህ ነው። የፋብሪካው ጎሚኒ ከውስጥም ከውጭም ከብረቱ ጋር ተጣብቋል፤ ክንዱ ሲንቀሳቀስ አይሽከረከርም፣ ይጠመዘዛል። መኪናው በክሪክ ተነስቶ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ቡሎኑን ካጠበቃችሁት፣ ላስቲኩ ያንን ቦታ እንደ ማረፊያው ይይዘዋል። መኪናው ሲወርድ ቀኑን ሙሉ እንደተጠመዘዘ ይቆያል፤ ሳይቆይ ይቀደዳል፣ መኪናውም ከልኩ በላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ቡሎኑን በእጅ ብቻ አስገቡ፣ መኪናውን በጎማው አቁሙ፣ ከዚያ በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ። አላይመንት የሚስተካከልባቸው ቡሎኖች ደግሞ መያዣቸው ውስጥ ዝገው ይነክሳሉ፤ ሥራው ከመጀመሩ ሁለትና ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይጠጡ፣ የቆሙበትንም ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ። ፖሊዩሪቴን የሚባለው ጠንካራው ጎሚኒ ግራሶ ካላገኘ ይጮሃል፤ ለመንገድ መኪና እኔ ላስቲኩን እመርጣለሁ። አጭር ሞላ አስገብቶ መሬት ለመሬት ማስኬድም አይመቸኝም፤ ሾኩ ቦታ ያጣና መቆሚያው ላይ ይነጥራል፣ ሰው ግን “ጠንክሮልኛል” ይላል።

ጉልበት መጨረሻ ላይ ነው። የ1.6ቱ ዲፍረንሻል (ጉልበቱን ለኋላ ጎማዎቹ የሚያካፍለው ማርሽ) ትንሽ ስለሆነ ቱርቦ ቢጨመርበት ቀድሞ የሚሰበረው እሱ ነው። በርካሽ የሚገኘው ታይሚንጉን ከ10 ዲግሪ ወደ 14 ማምጣት ነው፣ ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን ከተገኘ። ኮፈኑ ስር ባለችው የምርመራ ሳጥን ‘ቴን’ (TEN) እና ‘ግራውንድ’ (GND) የተባሉትን በሽቦ አገናኙ፣ ከቴስታው ጀርባ ያለውን የሴንሰር ቡሎን አላሉ፣ የታይሚንግ መብራቱን ፑሊው ላይ እያበራችሁ ሴንሰሩን በጥቂት በጥቂቱ አዙሩት። ዳገት ላይ የጠጠር ድምፅ ከሰማችሁ መልሱት። ደግሞ ሽቦዋን ንቀሉ፤ ከተረሳች ኮምፒውተሩ ታይሚንጉን እዚያው ያስረዋል፣ መኪናው ይፈዛል፣ እናንተም ደህናውን ሴንሰር ስትጠረጥሩ ትውላላችሁ።