ዓሣ ይዞ ጣርማበርን መውጣት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። እንዴት ከረማችሁ? የማወራችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ድምፄ ከጎረነነባችሁ ብርዱ ነው፣ ታገሱኝ። ከጀርባዬ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ነገር ከሰማችሁ ደግሞ የአኳሪየሙ፣ የዓሣ ማኖሪያው መስታወት፣ አየር ፓምፕ ነው። ለቀረጻ ብዬ አላጠፋውም። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ይገባችኋል።

ሥራ ተቀይሮልኝ ከሸዋ ሮቢት ወደዚህ ስመጣ አኳሪየሜን ይዤ ነው የመጣሁት። "ሽጠው ባክህ፣ እዚያ ሌላ ትገዛለህ" ያላለኝ ሰው የለም። ሶፋውን ሸጥኩት። ቁም ሳጥኑንም ሸጥኩት። አኳሪየሙን ግን እምቢ አልኩ። ዓሦቹ ውድ ሆነው አይደለም። ጋፒ የሚባሉ ትናንሽ ዓሦች ናቸው። በወር በወሩ ይወልዳሉ፣ የጎረቤት ልጅ ሁሉ በጆግ ሲወስድ ነው የኖረው። መስታወቱም መስታወት ነው፣ የትም ይሠራል። ልተወው ያልቻልኩት ማጣሪያው ውስጥ ያለውን ስፖንጅ ነው። ጥቁር፣ የሚያሙለጨልጭ፣ ሲያዩት የሚቀፍ ስፖንጅ።

ብዙ ሰው የማጣሪያ ሥራ ጉድፍ መልቀም ብቻ ይመስለዋል። ጉድፍ መልቀሙ ትንሹ ሥራው ነው። ዓሣ ሲተነፍስም ሲጸዳዳም አሞኒያ ያስወጣል። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። ወንዝ ላይ ቢሆን ውሃው ይዞት ይሄዳል። መስታወት ውስጥ ግን መሄጃ የለውም፣ ዓሣው በራሱ መርዝ ይታፈናል። የሚያድኑት ስፖንጁ ላይ፣ ጠጠሩ ላይና መስታወቱ ላይ ተለጥፈው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይራል። ናይትራይትም ክፉ ነው፣ የዓሣውን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ሌላው ወገን ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይራል። ናይትሬት ሲበዛ እንጂ ወዲያው አይገድልም። በየሳምንቱ ከውሃው ጥቂቱን በአዲስ ከቀየራችሁና ተክል ካላችሁ ችግር የለም።

እነዚህን ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ለይተው ካወጡት አንዱ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የሚባል ሳይንቲስት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1890 ግድም። እሱ ያጠናው በአፈር ነበር። ለረጅም ጊዜ የአኳሪየም ሰዎች ሁለተኛውን ሥራ ናይትሮባክተር የሚባለው ባክቴሪያ ነው የሚሠራው ሲሉ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ጥናት ግን በጨው አልባ ውሃ አኳሪየም ውስጥ ሥራውን የያዘው ናይትሮስፓይራ የሚባል ሌላ ዘር መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሁለቱንም ሥራ ብቻውን የሚጨርስ ባክቴሪያ መኖሩ ታወቀ። እኔን ደስ የሚለኝ ይሄ ነው። ሰው ሳሎኑ ውስጥ አስቀምጦት እየኖረ፣ ማን ምን እንደሚሠራ ገና አሁን ነው እየታወቀ ያለው።

ወደ ጉዞው ልመልሳችሁ።

ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ርቀቱ አይደለም ችግሩ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ግድም ላይ ናት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ግድም ላይ። መሃል ላይ ጣርማበር አለ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ። ከማሾና ከሽንኩርት አገር ተነስታችሁ፣ ጉም ውስጥ ገብታችሁ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን በቆፈረው ዋሻ አልፋችሁ፣ ብርድ አገር ትወጣላችሁ። እኛ ሹራብ እንደርባለን። ዓሣው ምን ይደርባል?

ከመነሳቴ በፊት በነበረው ቀን አላበላኋቸውም። ሆዱ ባዶ የሆነ ዓሣ ውሃውን ብዙም አያቆሽሽም። ጨካኝ ነህ አትበሉኝ፣ ጤነኛ ትልቅ ዓሣ አንድ ሁለት ቀን ሳይበላ ቢቆይ ምንም አይሆንም። ጠዋት መጀመሪያ ማሞቂያና ፓምፕ ካለ ከሶኬት ይነቀላል። ከዚያ የድሮው ውሃ የቻልነውን ያህል በጄሪካን ይቀዳል። የድሮ ውሃ የሚያዘው ባክቴሪያ አለበት ተብሎ አይደለም፣ ውሃው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ እዚህ ግባ አይባልም። ዓሣው የለመደው ውሃ ስለሆነ ነው። ተክሉ በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ ይገባል። ጠጠሩ ለብቻው በባልዲ።

መስታወቱን ውሃም ጠጠርም እያለበት ማንሳት አይታሰብም። 80 ሊትር ውሃ ብቻውን 80 ኪሎ ነው። የጫኝና አውራጅ ልጆች "ችግር የለም ጋሼ፣ እንችለዋለን" ማለታቸው አይቀርም። መቻሉን ይችሉታል። የማይችለው መስታወቱን ያጣበቀው ሲሊኮን ነው። ትንሽ ጠመም ሲል መጋጠሚያው ይላቀቃል። ዛሬ ሳይታይ፣ ከሳምንት በኋላ ሌሊት ምንጣፋችሁን ያረጥበዋል።

ዓሦቹን ወፍራም ፌስታል በፌስታል ላይ ደርቤ፣ ሲሶውን ውሃ ሁለት ሲሶውን አየር አድርጌ አሰርኩ። በጉዞ ላይ ከውሃው ይልቅ አየሩ ነው የሚያቆያቸው። ግን ፌስታሉን ወጥሬ አላሰርኩትም፣ ለቀቅ አድርጌ ነው። ሹፌሩ ይህን አይቶ ሳቀብኝ። "እንዲህ ተልፈስፍሶ ነው እንዴ የሚታሰረው?" አለ። የፎም ሳጥን ውስጥ ከትቼ ጋቢና ይዣቸው ገባሁ። አይሱዙዋ አርማንያን አልፋ ደብረ ሲና ሻይ ለመጠጣት ስትቆም ሳጥኑን ከፍቼ አሳየሁት። የተልፈሰፈሰው ፌስታል ተነፋፍቶ ነበር። ጣርማበር ላይማ ጥብቅ አለ። ወደ ላይ ስንወጣ የውጪው አየር ግፊት ይቀንሳል፣ የታሰረው አየር ይሰፋል። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማበር ጫፍ ሩብ ያህል ይሰፋል። ወጥራችሁ ብታስሩት ይፈታል ወይ ይፈነዳል። ሹፌሩ ከዚያ በኋላ በየኩርባው "ወንድሜ፣ ዓሦቹ እንዴት ናቸው?" እያለ ነው የነዳው።

ስፖንጁስ? ስፖንጁ ክዳን በሌለው ባልዲ፣ የድሮ ውሃ ውስጥ ተነክሮ እግሬ ሥር ነበር። እነዚህ ባክቴሪያዎች መድረቅ አይችሉም፣ አየር ሲያጡም ይጎዳሉ። ትልቅ ዝግ ማጣሪያ ያላቸው ሰዎች ሲጓዙ እንደተዘጋ ይዘውት ይሄዳሉ። ውስጡ ያለው ኦክስጅን በጥቂት ሰዓት ያልቃል። ሲከፈት እንቁላል እንቁላል ከሸተተ ያ ውሃ ወደ ዓሦቹ እንዳይገባ፣ ይደፋ። መክፈት፣ ስፖንጁን ማውጣት፣ በባልዲ መያዝ። በቃ።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ አከራዬ እቃ ሲራገፍ ቆመው ያያሉ። ደግ እናት ናቸው፣ ንጽሕና ግን ነፍሳቸው ነው። ባልዲውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። "ልጄ፣ ይሄን እድፍ ከዚያ ድረስ ጭነህ መጣህ? አምጣው በኦሞ ላሽልህ።"

"እማማ፣ እንዳይነኩት! እንደ እርሾ ይዩት። ይሄ ከሌለ ዓሦቹ አይኖሩም" አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና "እርሾ ከሆነማ ቅዝቃዜ አይሆነውም። እኔ የኔን በብርድ ጊዜ ምድጃ ዳር ነው የማሳድረው" አሉኝ።

እኔ በብዙ ንባብ የደረስኩበትን እሳቸው በአንድ ጊዜ ተናገሩት። እነዚህ ባክቴሪያዎች ውሃ ሲቀዘቅዝ ሥራቸው ይዘገያል። ከ10 ዲግሪ አካባቢ በታችማ በጣም ይለግማሉ። ሸዋ ሮቢት ማሞቂያ የሚባል ነገር ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር። እዚህ ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ ይመጣል፣ ጋፒ ደግሞ ከ22 ዲግሪ በላይ ነው የሚመቸው። ስለዚህ ማሞቂያ ገባ። በተለምዶ ለ1 ሊትር 1 ዋት ይላሉ። ለኛ ብርድ አይበቃም ባይ ነኝ። ክፍሉ ከውሃው በ10 ዲግሪ የሚያንስ ከሆነ ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፣ ከላይም በደንብ መከደን አለበት። ማሞቂያው ውሃ ውስጥ ሳይገባ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት፣ መስታወቱ ይፈነዳል።

ሲሞቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የሞቀ ውሃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ከፍታም እንደዚሁ ይቀንሰዋል። 25 ዲግሪ የሆነ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ግድም ኦክስጅን ይይዛል። ያው ውሃ ሸዋ ሮቢት ላይ ወደ 7፣ ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 6 ይወርዳል። ቀዝቃዛ ቢተው ኖሮ የብርዱ ትርፍ የከፍታውን ጉድለት ያካክሰው ነበር። እኛ ግን የቆላ ዓሣ አምጥተን ደጋ ላይ እናሞቃለን። ብርዱ የሰጠንን በማሞቂያው መልሰን እንወስዳለን። ፓምፑን ለቀረጻ የማላጠፋው ለዚህ ነው። የውሃው ፊት ሁልጊዜ መንቀሳቀስ አለበት፣ ኦክስጅን የሚገባው በዚያ ነው። ዓሣም በዛ ያለ አይያዝም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደብረ ብርሃን ላይ አዲስ ለሚጀምር ሰው ጋፒ አልመክርም። ጎልድፊሽ ይሻለዋል። ብርድ ይችላል፣ ያለ ማሞቂያም ይኖራል። ግን ሰፊ ቦታ ስጡት። በየእንግዳ መቀበያው የምናያት ያቺ ክብ ብርጭቆ፣ አንድ ጎልድፊሽ ገብቶባት፣ ማጣሪያ የላት፣ ምን የላት... እሷን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ጎልድፊሽ ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያቆሽሻል፣ ያድጋልም። ልጆቹን ለማስደሰት ብለን የምንገዛው ዓሣ ሦስተኛው ቀን ላይ ሲሞት "ዓሣ እኮ ዕድሜው አጭር ነው" እንላለን። ጎልድፊሽ ከተመቸው ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል።

የቧንቧ ውሃ ላይም አንድ ነገር። ክሎሪን ለኛ ደህና ነው፣ ስፖንጁ ላይ ያሉትን ግን ይፈጃቸዋል። አዲሱን ውሃ አፉ ሰፊ በሆነ ገንዳ ቀድቼ አንድ ቀን ሙሉ አሳድረዋለሁ፣ ክሎሪኑ ይተናል። ከዚያ በፈላ ውሃ አለዝቤ፣ ከድሮው ጋር እደባልቀዋለሁ። ስፖንጁም ሲደፈን የሚታጠበው ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ነው፣ ያውም ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ። እስኪነጣ አይታሽም።

ዓሦቹ የገቡት መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ጠጠር፣ ውሃ፣ ስፖንጅ፣ ፓምፕ። ውሃው ሲሞቅ ፌስታሉን ከነዓሦቹ ሩብ ሰዓት ያህል ውሃው ላይ አንሳፈፍኩት፣ ቀስ በቀስም አዲሱን ውሃ በሲኒ ጨመርኩበት። የመጀመሪያውን ሳምንት ቁንጥር ምግብ ብቻ። ባክቴሪያው ከመንገዱ ድካም ሳያገግም ብዙ ቆሻሻ እንዳይጫንበት።

መብራት ሲጠፋስ? ይጠፋል ደግሞ፣ ታውቁታላችሁ። ያኔ ምግብ የለም። ወፈር ባለ ብርድ ልብስ ጎንና ጎኑን እጠቀልለዋለሁ፣ ብርድ ልብስ በሚሠራበት ከተማ ብርድ ልብስ አይጠፋም። ብዙ ውሃ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፣ ጥቂት ሰዓት ያቆያል። ከዚያ በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ነው። ስፖንጁንም አየር ያገኝ ዘንድ የሚፈሰው ውሃ እንዲነካው አደርጋለሁ። አከራዬ ራሳቸው አሁን መብራት ሲጠፋ በሩን አንኳኩተው "ልጄ፣ ለእርሾህ ኩባያው ደርሷል?" ይሉኛል።

ጋፒ ስጠን እያላችሁ የምትጽፉልኝ የደብረ ብርሃን ልጆች፣ አለ፣ ተርፏል። ግን ብቻውን አልሰጥም። አዲስ አኳሪየም ባክቴሪያው እስኪደራጅ ከአንድ ወር በላይ ይፈጃል፣ በብርድ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። እኔ ማጣሪያዬ ውስጥ ትርፍ ስፖንጅ ጨምሬ እያዳበርኩ ነው። ከሱ ቆርጬ አብሬ እሰጣችኋለሁ። ማጣሪያችሁን መጀመሪያ ግዙ፣ ውሃችሁን አሳድሩ፣ ከዚያ ክዳን የሌለው ባልዲ ይዛችሁ ኑ። በሚቀጥለው ክፍል ስለ ተክሎቹ እናወራለን። ደህና ሁኑልኝ።