መቋጫ ያልነበረው ታሪክ

የተከበራችሁ የሲኒማ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

አሁን ባየነው «የሰንሰለት እስር ሽሽተኛ ነኝ» (I Am a Fugitive from a Chain Gang) ፊልም መጨረሻ ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ጄምስ አለን «እሰርቃለሁ» ብሎ ጨለማው ሲውጠው «ተቆረጠ እንዴ?» ያላችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። አልተቆረጠም። ዳይሬክተሩ ሜርቪን ለሮይ እ.ኤ.አ. በ1932 ፊልሙን የጨረሰው እዚያው ላይ ነው። ውይይቱን ከመክፈታችን በፊት የምናገረውም ስለዚሁ አጨራረስ ነው። ታሪኩ መቋጫ ያጣው እውነተኛው ባለታሪክ ገና እየታደነ ስለነበረ ነው ባይ ነኝ።

ሰውየው ሮበርት በርንስ ይባላል፤ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘማች ነው። በ1922 በጆርጂያ ግዛት ከሁለት ሰዎች ጋር ሆኖ በአንድ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር ዝርፊያ ተያዘ። የተዘረፈው ስድስት ዶላር እንኳን አይሞላም፤ የተፈረደበት ግን ከስድስት እስከ አሥር ዓመት የሰንሰለት እስር፣ ማለትም በሰንሰለት ታስሮ የሚሠራ ከባድ የጉልበት ሥራ ነው። አመለጠ፤ ቺካጎ ገብቶ የመጽሔት አዘጋጅ ሆነ፤ ሚስቱ ጠቆመችበት። ቶሎ ትፈታለህ ተብሎ በ1929 በገዛ ፈቃዱ ተመለሰ፤ ቃሉ ሲታጠፍበት በ1930 ዳግመኛ አመለጠ። ለፊልሙ መነሻ የሆነውን የሕይወት ታሪኩን መጽሐፍ ያሳተመው በሽሽት ላይ ሳለ ነው። ለፊልሙ ምክር ሊሰጥ ሆሊውድ የገባው እንኳ በሐሰት ስም ነበር።

ስቱዲዮው ዋርነር ብራዘርስ የመጽሔቱን አዘጋጅ መሐንዲስ አደረገው፤ ጥሩ አደረገ። ድልድይ ልሥራ ብሎ የተነሣው ሰው በሁለተኛው ሽሽቱ አሳዳጆቹን ለማስቀረት ድልድይ በዲናሚት ሲያፈርስ አይታችኋል።

የሜዳሊያውን ነገር ግን እንዲህ በዋዛ አላልፈውም። አለንን ሆኖ የሚጫወተው ፖል ሙኒ ራብ ሲጠናበት የጦር ሜዳ ሜዳሊያውን በመያዣ ለሚያበድር ነጋዴ ያቀርባል። ነጋዴው አይሰድበውም፣ አያባርረውም፤ ሌሎች ዘማቾች ያመጡትን የሜዳሊያ ክምር ያሳየዋል፤ በቃ። ፊልሙ በኅዳር ሲወጣ ይህን ማብራራት አያስፈልግም ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ ቃል የተገባልን ገንዘብ አሁኑኑ ይከፈለን ብለው ዋሽንግተን የሰፈሩት ዘማቾች በገዛ አገራቸው ጦር ተባርረዋል፤ መጠለያቸውም ነድዷል።

የምወቅሰውም አለኝ። በፊልሙ የአለን ሚስት የሆነችው ማሪ ከክፋት በቀር ምንም አልተሰጣትም። ሰባስቲያን የተባለው ጥቁር እስረኛ ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። በከባዱ መዶሻ የአለንን እግር ብረት እየመታ ያጣመመለት እርሱ ነው፤ አንድ ምት ቢስት የአለን ቁርጭምጭሚት ደቅቆ ይቀር ነበር። አለን እግሩን አሹልኮ ወጣ። ሰባስቲያንስ ምን ሆነ? ፊልሙ አይነግረንም። እውነቱን ለመናገር የደቡቡ የሰንሰለት እስር ዋናው ሸክም ያረፈው በእርሱ ዓይነት ሰዎች ላይ ነበር።

ወደ በርንስ ልመለስ። ፊልሙ ገና በየሲኒማ ቤቱ እየታየ፣ በታኅሣሥ 1932 ኒውጀርሲ ውስጥ ኒውአርክ ከተማ ላይ ተያዘ። ጆርጂያ «አስረክቡኝ» አለች። የኒውጀርሲው አገረ ገዥ ሃሪ ሙር ጉዳዩን በአደባባይ ሰምቶ «አልሰጥም» አለ። ይህ ሁሉ የሆነው ሕዝቡ ያንን ሰንሰለት በዓይኑ ካየ በኋላ መሆኑን አትርሱ። በርንስ የጆርጂያ ጉዳዩ የተዘጋለት በ1945 በአገረ ገዥ ኤሊስ አርናል ጊዜ ነው። ፊልሙ በ1932 ደስ የሚል ፍጻሜ ቢሰጠን ኖሮ ይዋሸን ነበር ማለት ነው።

አሁን መድረኩ የእናንተ ነው፤ መነሻ የሚሆን አንድ ጥያቄ ግን ልተውላችሁ። የበርንስ መጽሐፍ በርዕሱ ላይ ጆርጂያን በስሟ ይጠራል፤ ፊልሙ ግን ከርዕሱም ከታሪኩም ስሟን አውጥቶታል። ያም ሆኖ ጆርጂያ ራሷን አወቀች፤ ፊልሙንም ከለከለች። ስሟን መዝለሉ ብልሃት ነበር ወይስ ፍርሃት? እኔ ፍርሃት ነው ባይ ነኝ። የምትቃወሙኝ እጃችሁን አውጡ።