ቶሎ ያደገ አሳ ሁሉ መኖ ቆጣቢ አይደለም

እንደምን ዋላችሁ የባህር ዳርና የአካባቢዋ አሳ አርቢዎች፣ ተማሪዎች፣ ከወረዳ የመጣችሁ ባለሙያዎች። እናቶች አባቶች ደግሞ ስራ አቋርጣችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

ዛሬ ስለ መኖ ነው የማወራው። መኖ መወደዱንማ እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ፣ ፋጉሎው ስንት እንደገባ ፉርሽካው ስንት እንደሆነ ለናንተ አይነገርም። እኔ ላወራ የመጣሁት ያንን መኖ ስለሚበላው አሳ ነው፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ የምንጨቃጨቀው በመኖው ላይ ነው እንጂ በአሳው ላይ አይደለም።

አሳ እርባታ ላይ ከወጪው ግማሹን፣ አንዳንዴም እስከ 70 ፐርሰንቱን የሚወስደው መኖ ነው። አስር ኩንታል አሳ ለማውጣት አስራ ስምንት ኩንታል መኖ ያስገባ ሰው ኤፍሲአሩ 1.8 ነው እንላለን፣ ማለትም ለአንድ ኪሎ አሳ አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም መኖ ማለት ነው። ያው ኩሬ፣ ያው ውሃ፣ ያው መኖ ሆኖ የአሳው ዘር ብቻ ተሻሽሎ ቁጥሩ 1.5 ቢገባ ሶስት ኩንታል መኖ ተረፈ ማለት ነው። ሶስት ኩንታል ብር ስንት እንደሆነ እዚሁ አስሉት።

አሳ በተፈጥሮው ራሱ መኖ አያባክንም። እንደ በግና እንደ ዶሮ ሰውነቱን ለማሞቅ ጉልበት አያወጣም፣ ውሃው ስለሚሸከመውም ለመቆም አይደክምም። ግን አንድ ኩሬ ውስጥ ያሉ አሳዎች እኩል አይደሉም፣ ያንኑ እፍኝ መኖ በልተው አንዱ ስጋ ያደርገዋል ሌላው ሆዱ ውስጥ ስብ ያደርገዋል፣ ስብ መስራት ደግሞ ከስጋ የበለጠ መኖ ይፈጃል። የዚህ ልዩነት የተወሰነው ክፍል ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረስ ነው፣ ስለዚህ መርጦ ማራባት ይቻላል፣ የኔም ነገር እሱ ነው።

ኖርዌዮች ሳልመን በሚባለው አሳ ላይ ይሄን የጀመሩት እ.ኤ.አ በ1970ዎቹ ነው፣ ከብዙ ወንዞች አሳ ሰብስበው ፈጥኖ የሚያድገውን ቤተሰብ እየመረጡ። እ.ኤ.አ በ1999 በታተመ ጥናት አምስት ትውልድ የተመረጠውን ሳልመን ከዱር ሳልመን ጋር አንድ ላይ አሳድገው ሲያዩት፣ የተመረጠው እድገቱ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ፣ የበላው ግን በዚያ ልክ አልጨመረም፣ ለአንድ ኪሎ ጭማሪ የፈጀው መኖ ደግሞ በ20 ፐርሰንት ያነሰ። መኖ ቆጣቢውን እንምረጥ ብለው ሳይነሱ፣ እድገትን ብቻ እያዩ ነው ይሄን ያገኙት። አንዱ ምክንያት ቶሎ ያደገ አሳ ለመኖር ብቻ የሚበላበት ቀን ማጠሩ ነው፣ እስትንፋሱን ለማቆየት የሚያወጣውን ጉልበት ለስጋው ያውለዋል።

አሁን ወደ ራሳችን አሳ ልምጣ፣ ወደ ቀረሶ፣ ፈረንጅ ቲላፒያ ወደሚለው። ዛሬ እስያ ውስጥ በየኩሬው የሚረባው ጊፍት የሚባለው ዝርያ ስራው የተጀመረው እ.ኤ.አ በ1988 ፊሊፒንስ ላይ ነው፣ መሰረቱ ደግሞ አፍሪካዊ ነው፣ ከግብፅ ከጋና ከኬንያና ከሴኔጋል የተወሰደ የዱር ቀረሶ እስያ ውስጥ ሲረቡ ከነበሩ አራት ዘሮች ጋር ተዳቅሎ። በአምስት ትውልድ ውስጥ እድገቱ ከ80 ፐርሰንት በላይ ተሻሻለ። ይሄ ትልቅ ስራ ነው፣ ለብዙ ደሃ አርቢ እንጀራ የሆነ ስራ ነው።

ግን እዚህ ጋ ቆም እንበል። ጊፍት ሲመረጥ የኖረው በዋናነት በክብደት ነው፣ ክብደት ደግሞ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነው በቃ። የበላውን መለካት ነው ችግሩ። ሁለት ባጃጅ አስቡ፣ የትኛው እንደሚፈጥን መንገድ ዳር ቆማችሁ ታያላችሁ፣ የትኛው በአንድ ሊትር ብዙ እንደሚሄድ ግን ነዳጁን ሲቀዳ ሳትመዘግቡ አታውቁም። አሳው ደግሞ ውሃ ውስጥ ነው፣ በመንጋ ነው የሚበላው፣ የቱ ስንት ፍሬ እንደዋጠ ማን ያውቃል።

ተመራማሪዎቹ ያልሞከሩት የለም። መኖው ውስጥ በኤክስሬይ የሚታይ የብርጭቆ ፍሬ ጨምረው አብልተው አሳውን በኤክስሬይ አንስተው ሆዱ ውስጥ ያለውን ፍሬ ቆጠሩ። ጊፍት ላይ ደግሞ ጥቂት ጥቂት አሳ በመስታወት ገንዳ አድርገው፣ እያንዳንዱ ላይ ባለቀለም ምልክት አስረው፣ ሲበላ በቪዲዮ ቀርፀው እያንዳንዷን የመኖ ፍሬ አንድ በአንድ ቆጠሩ። አድካሚ ነው፣ ግን አንድ ነገር በደንብ አሳየ፣ ቀረሶ ላይ ፈጥኖ ማደግና መኖ መቆጠብ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም፣ ትልቁን አሳ ስለመረጥክ ብቻ ቆጣቢውን መረጥክ ማለት አይደለም። የኛው አገር ልጅ የሆነ ተመራማሪም ሆላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ማሌዥያ ያለውን ጊፍት አየር በሚነፋለትና በማይነፋለት ኩሬ አሳድጎ አወዳድሯል፣ ኦክስጅን ሲያንስ እድገትም መኖ አጠቃቀምም ይበላሻልና። እኔ ይሄን ስራ በጣም ነው የምወደው፣ ምክንያቱም የኛ አርቢ ኩሬ ውስጥ አየር የሚነፋ ማሽን የለም፣ ማሽን ባለበት ኩሬ የተመረጠ ዘር እኛ ጋ ሲመጣ ያው ይሆናል ብለን መቀበል የለብንም።

ታዲያ እኛ ምን እያደረግን ነው? ብዙ ኩሬ ላይ የማየው ትልልቁ ለገበያ ይወጣል፣ ለፋሲካ ጾም ሰሞን ደግሞ አሳ የሚበላው ሰው ብዙ ስለሆነ ሁሉም ይለቀማል፣ የቀረው ትንሹ ለዘር ይቀመጣል። ይሄም መምረጥ ነው፣ ግን ወደ ኋላ መምረጥ ነው፣ በየዓመቱ ያላደገውን አባት እናት እያደረግን ነው። ሌላው ደግሞ ከጥቂት ወላጅ ብቻ ጫጩት እያወጡ ለሰፈሩ ሁሉ ማከፋፈል ነው፣ ከሁለት ሶስት ትውልድ በኋላ ወንድምና እህት እየተዳቀሉ ዘሩ ይደክማል።

አንዳንዱ ለምን ጊፍቱን አናመጣውም ይለኛል። እኔ ጣና አጠገብ እንዲገባ አልፈልግም፣ በግልፅ ልናገር። የጣና ቀረሶ እ.ኤ.አ በ1992 ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ተብሎ ተመዝግቧል፣ ጎርፍ መጥቶ ኩሬ ሲሰበር ደግሞ ማን ያስቀረዋል፣ አንዴ ከተደባለቀ አይለይም። ጋናዎች ከራሳቸው ቮልታ አሳ አኮሶምቦ የሚባል ዝርያ አውጥተዋል፣ ግብፆችም አባሳ የሚባለውን። ከራስ ውሃ ተነስቶ ማሻሻል ይቻላል፣ ተደርጓልም።

እኛ ቪዲዮ ቀርፀን ፍሬ እንቁጠር አልልም። በቤተሰብ ደረጃ ግን ማወዳደር እንችላለን። አንድ ኩሬ ውስጥ ሃፓ የሚባለውን ከመረብ የተሰራ ከረጢት መሳይ ነገር እንዘርጋ፣ ከአንድ እናትና አባት የወጡ ጫጩቶችን በአንድ ሃፓ፣ የሌላውን በሌላ፣ ቁጥራቸውም መጠናቸውም እኩል ይሁን፣ አንድ ሃፓ ስለሚያሳስት ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ቢያንስ ሶስት ሶስት ይኑር። መኖው ለየሃፓው ተመዝኖ በእጅ ይሰጥ፣ መብላት ሲያቆሙ ይቁም፣ የተረፈው ተመልሶ ይመዘን፣ ውሃ ውስጥ የበሰበሰ መኖ አሳው በላው ተብሎ ከተፃፈ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። የሞተውም ይፃፍ። መጨረሻ ላይ አሳው ይመዘናል፣ የጨመረው ክብደት ከበላው መኖ ጋር ይሰላል፣ በትንሽ መኖ ብዙ የጨመረው ቤተሰብ ልጆች ለዘር ይቀራሉ። ግን ከአንድ ቤተሰብ ብቻ አይደለም፣ ከተሻሉት ከብዙዎቹ ነው የምናስቀረው፣ አለበለዚያ ቅድም ያልኩት የዘመድ መዳቀል ውስጥ እንገባለን። ውጤቱ በአንድ ትውልድ ብዙ አይታይም፣ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ መሃል ላይ የሚያቋርጥ ሰው ባይጀምረው ይሻላል።

የግራም ሚዛን ያላችሁና ሃፓ ለመዘርጋት የሚበቃ ኩሬ ያላችሁ ስትወጡ በር ላይ ስማችሁን አስመዝግቡ። ወላጅ አሳ የያዛችሁ ሁሉ ደግሞ መጀመሪያ ከየት እንዳመጣችሁት፣ ከጣና ይሁን ከሌላ ሃይቅ፣ መቼ እንደሆነና ስንት ወንድ ስንት ሴት እንዳላችሁ ፃፉልን፣ ስራውን የምንጀምረው ከዛ ዝርዝር ነው። አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።