«ዱርዬ» የምንለው ማንን ነው?

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣

ስለ ተማሪዎች ሥነ ምግባር አጠር ያለ ንግግር እንዳደርግ ታዝዣለሁ። አጠር እንደማይል ግን ታውቁኛላችሁ።

«ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት» ይባል የለ? እኔ ግን ስም ከመምህራን ክፍል ሲወጣ ነው ያየሁት። ያንን ቀይ መዝገብ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዴ «አስቸጋሪ» ተብሎ የተጻፈ ልጅ ክፍል በተዛወረ ቁጥር ስሙ ቀድሞት ይገባል። የእኔም እጅ ጽሑፍ አለበት፤ አልክድም።

ዊልያም ቻምብሊስ የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ የአንድ ትምህርት ቤት ሁለት የጓደኛሞች ቡድን ሁለት ዓመት ተከታትሎ ነበር። ስምንቱ የባለጸጋ ልጆች፣ ስድስቱ የድሃ ልጆች ናቸው። ስምንቱ ከክፍል ይፎርፋሉ፤ ጠጥተው መኪና ይነዳሉ። መንገድ ሲጠገን ለማስጠንቀቂያ የተቀመጠውን አጥርና ፋኖስ አንስተው፣ መኪና ጉድጓድ ሲገባ ለማየት ተደብቀው ይጠብቃሉ። ሰው የሚገድል ጨዋታ እኮ ነው! ሲያዙ ግን አንገት ደፍቶ ይቅርታ መጠየቅ ያውቁበታል። በሁለቱ ዓመታት አንዳቸውም አልታሰሩም። «የጨዋ ልጆች» ናቸዋ!

ስድስቱስ? መኪና የላቸውም፤ ስለዚህ የሚውሉት አላፊ አግዳሚው በሚያያቸው መንገድ ዳር ነው። ይደባደባሉ፣ ይሰርቃሉ፤ መላእክት ነበሩ አልልም። ነገር ግን ጥፋታቸው ከስምንቱ ያልበለጠ ሆኖ ሳለ «ዱርዬ» የተባሉት እነሱ ብቻ ናቸው። ኋላ ሁለቱ በነፍስ ግድያ ተፈረደባቸው። ሁለቱ ደግሞ በስፖርት ችሎታቸው ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝተው፣ «ተጫዋች» የሚል ሌላ ስም ይዘው ኮሌጅ ገቡ። ምን እንደሆኑ ታውቃላችሁ? መምህር! እንደ እኔና እንደ እናንተ!

«እኛ ያየነውን ነው የምንጽፈው» የሚል አይጠፋም። እኮ! ዓይናችን የሚያርፈው ማን ላይ ነው? የትኛውን ልጅ ነው ቦርሳውን የምንፈትሸው? የማንን አባት ነው በትሕትና የምናነጋግረው?

ነገሩ ትምህርት ቤት ላይ አያበቃም። ዴቫ ፔጀር የተባለች የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመችው ጥናት፣ በአንድ የአሜሪካ ከተማ ሥራ ካመለከቱት መካከል ታስረን እናውቃለን ካሉት ነጮች 17 በመቶው በቀጣሪ ሲጠሩ፣ አንድም ክስ ከሌለባቸው ጥቁሮች የተጠሩት 14 በመቶው ብቻ ናቸው።

ሌሎች ነጥቦችም ነበሩኝ፤ ይቅሩ። ቀይ መዝገቡ እኔ ዘንድ ነው፤ ዘንድሮ ለማንም አላስረክብም። የተቆጣ ካለ ስሜን «አስቸጋሪ» ብሎ መዝግቦ ሊከሰኝ ይችላል፤ መዝገቡን ግን ከየት ያመጣዋል?

አመሰግናለሁ።