የ10 ቁጥር ቁልፍ

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንዴት አመሻችሁ!

«አጭር አድርጊው» ተብያለሁ። ኦፕሬሽን ክፍል 30 ዓመት ለቆመ ሰው 5 ደቂቃ! እሺ። ስለ ጡረታ አላወራም። የማወራው አጥንትን ከውጭ ይዞ ስለሚያቃናው ብረት፣ ስለ ኢሊዛሮቭ ቀለበት ነው።

ልጆቹ ታሪኩን ላታውቁት ትችላላችሁ። ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ ሳይቤሪያ፣ ኩርጋን የሚሠራ ሐኪም ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለፈ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው፤ አጥንቱ አልገጥም ያለው ብዙ፣ ዕቃው ጥቂት። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጀመሪያ ቀጭን ሽቦ አጥንት ውስጥ አሳልፎ፣ ወጥሮ፣ ከብረት ቀለበት ጋር አሰረው። የመጀመሪያዎቹ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ነበሩ ይባላል። እንደሚወራው አንዱ ታካሚ ዳዶውን በተቃራኒው ያዞረዋል። መጠጋት የነበረበት አጥንት ተራራቀ። ራጅ ሲነሳ ክፍተቱ ውስጥ አዲስ አጥንት በቅሏል! አጥንቱን በቀን 1 ሚሊ ሜትር ማራራቅ፣ ለአራት ተከፍሎ፤ ይኸው ነው ምስጢሩ።

የሞስኮ ትልልቆች ለዓመታት ናቁት። የኦሎምፒክ ከፍታ ዘላዩን ቫለሪ ብሩሜልን በ1968 እስኪያክም ድረስ። በሞተር ብስክሌት አደጋ እግሩ ደቆ፣ ተደጋጋሚ ኦፕሬሽን ያልፈታለትን ሰው!

እኛስ? ያንን እግሩ የጎበጠ ልጅ ታስታውሳላችሁ? «መካኒኩ» እንለው የነበረውን። የዳዶውን ቁልፍ ከእናቱ ነጥቆ በቀን አራቴ ራሱ ነበር የሚያዞረው። አንድ ቀን ራውንድ ላይ ዶክተሩን «ቆይ፣ ሰዓቴ ደርሷል» ብሎ አስቆማቸው። በእግሩ ሄዶ ነው የወጣው።

ያ ቀለበት የት ደረሰ? በኋላ የሠራሁበት አንድ ቦታ ተመሳሳይ ሙሉ ዕቃ ስቶር ውስጥ ነበር። ሦስት ዳዶ ጎደለው ተባለ። ሦስት ዳዶ! ኮሚቴ ተቀመጠ፣ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፣ በኪሎ ተሸጠ። የሰው እግር የሚያቃና ብረት ለቆራሌው! መብራት አይፈልግ፣ ሶፍትዌር አይፈልግ። «አሮጌ ነው» አሉኝ። እኔም አሮጌ ነኝ፤ እኔንም በኪሎ ሽጡኛ!

ጀርመን፣ ኪል ከተማ ላይ በ1939 ስለተጀመረው የኩንቸር ሚስማርም ላነሳ ነበር። ሰዓቱ አለቀ። እሱም ጀግና ነው፣ ጭን አጥንት ውስጥ ገብቶ ሰው ያቆመ።

ከዚያ ዕቃ አንድ የ10 ቁጥር ቁልፍ ቦርሳዬ ውስጥ ቀርታለች። ንብረት ክፍሎች፣ ክሊራንሴን ፈርማችኋል። አልመልስም።