ጉባኤው በስንት ሰዓት ይጀመር?

የተከበራችሁ መምህሮቼ፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በስልካችሁ የምትከታተሉን የወረዳ ሆስፒታል ሐኪሞች፤

በበይነ መረብ ስለሚሰጠው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ እንድናገር ስጋበዝ አንድ ጉዳይ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። መጋቢት 2012 ኮቪድ ወደ አገራችን ገብቶ አዳራሾች ሲዘጉና ወደ ዙም ስንዞር፣ ከአዲስ አበባ ርቆ የሚሠራ ሐኪም ታካሚውን ሳይተው የሚማርበት በር ተከፈተ ብለን ተደስተን ነበር።

በዚያን ጊዜ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪም ነበርኩ። በወለደች በሦስተኛው ሳምንት ትንፋሽ አጥሯት የመጣች፣ ለቀናት በሳንባ ምች ስትታከም ቆይታ ሕመሟ የልብ ድካም መሆኑ ዘግይቶ የታወቀ እናት ነበረችን፤ የእርሷን ታሪክ በጉባኤ እንዳቀርብ ተፈቀደልኝ። አራት ስላይድ አዘጋጀሁ። በገዛ ገንዘቤ የኢንተርኔት ጥቅል ገዛሁ። ኔትወርክ የሚገኘው በመድኃኒት መጋዘኑ መስኮት ሥር ብቻ ስለነበር ስልኬን በጓንት ካርቶን ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ። ጉባኤው የተጠራው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ተመላላሽ ታካሚው የሚሰለፍበት፣ እኛም የተኙትን የምንጎበኝበት ሰዓት! አንዱ የመክፈቻ ንግግር ሲያበቃ ሌላው ቀጠለ፤ ነርሷ ሁለት ጊዜ መጥታ ጠራችኝ። ተራዬ ሲደርስ ‹‹ዶክተር፣ ሰዓት አልቋል፤ በአንድ ደቂቃ ጨርስ›› ተባልኩ። ሰርተፍኬቱ ሳምንት ሳይሞላ ደረሰኝ። ያችን እናት ቀደም ብለን በምን ልንለያት እንችል እንደነበር ግን አንድም ሰው አልነገረኝም። ታዲያ ምን ተምሬበት ነው ሰርተፍኬቱን ለሙያ ፈቃዴ እድሳት የማቀርበው? ይህን የምናገረው ለራሴ ተቆርቁሬ አይደለም፤ ዛሬም በዚያ መስኮት ሥር የተቀመጠ ወጣት ሐኪም አለ!

ሌላ መንገድ እንዳለ እናውቃለን። በ2003 እ.ኤ.አ. ዶክተር ሳንጂቭ አሮራ በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት ኤኮን ሲጀምሩ፣ የገጠሩ ሐኪም የራሱን የሄፓታይተስ ሲ (ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ) ታካሚ ታሪክ በቪዲዮ ያቀርባል፣ ስፔሻሊስቶቹም አብረውት ይመክራሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት፣ በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ከታከሙት 57.5 በመቶ፣ በገጠርና በማረሚያ ቤት ክሊኒኮች ከታከሙት ደግሞ 58.2 በመቶ ከቫይረሱ ነጽተዋል።

ስለዚህ ጉባኤያችን ከምሽቱ 2 ሰዓት ይጀመር። ኔትወርክ የደከመበት በድምፅ ብቻ ይከታተል፤ ተረኛ የሆነው ቅጂውን በኋላ ያዳምጥ፤ የሙያ ማጎልበቻ ነጥብም የሚሰጠው ስሙ ስክሪን ላይ ስለታየ ሳይሆን ስለ ታካሚው የቀረበለትን ጥያቄ ስለመለሰ ይሁን። የዘንድሮው መርሐ ግብር ገና አልታተመም። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ለወረዳ ሐኪም ስጡልኝ፤ የመክፈቻ ንግግሮቻችን በጽሑፍ ይላኩ።