ደረሰኝ የሌለው መቶኛ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንግዶቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ?

ድሬ ላይ የስኩባ ጠላቂዎች ማኅበር አለን ስንል ሰው ይስቃል። አይፈረድበትም። ባሕር የለንም። ወንዛችን ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ውኃ ሲመጣበት ደግሞ ምን እንደሚያደርግ በ1998 ክረምት አይተናል። በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ከዚያ በኋላ የውኃ ድምፅ መስማት የማይወዱ ብዙዎች ነን። ገንዘብ ያዣችን አንዷ ነበሩ። ዋና ሲጀምሩ ገንዳው ውስጥ ፊታቸውን ለመንከር ብቻ ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶባቸዋል።

እኚህ ሴት ዘንድሮ ለመቶኛ ጊዜ ጠለቁ። ስማቸውን እንዳልጠራ ለምነውኛል። ደረሰኝ የጠፋበት ሁሉ ግን ያውቃቸዋል።

ለአዲስ አባላት አንድ ነገር ልንገር። ጀርባችን ላይ የምንሸከመው ኦክስጅን አይደለም፤ ያው አሁን የምንተነፍሰው አየር ነው፣ ተጨምቆ የተሞላ። እትዬ መጀመሪያ ሰሞን ይህን አላመኑም። ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን ጥብቅ አድርገው ይዘው ወረዱ። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል፤ ጠርሙሱ ጭርምትምት አለ። ሲወጡ መልሶ ተነፋ። «ታዲያ እታች ሳንባዬን ሞልቼ ትንፋሼን ይዤ ብወጣስ?» ብለው ጠየቁ። መልሱን ራሳቸው አወቁት። አየሩ እየሰፋ ሳንባን ይጎዳል፤ ትንፋሽ ይዞ መውጣት ክልክል የሆነው ለዚህ ነው። ጠርሙሱ ዛሬም ቢሮአችን መስኮት ላይ አለ።

ወደ መቶኛው ልመለስ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ ነው።

ጅቡቲ፣ ሙሻ ደሴት አጠገብ ነበርን። ብቻውን የሚወርድ የለም፤ የእሳቸው ጥንድ እኔ ነበርኩ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ጉንፋን ጆሮን ከጉሮሮ የሚያገናኘውን ቀጭን ቱቦ ይደፍነዋል፤ አፍንጫ ይዞ ቢነፉም እምቢ ይላል። 4 ሜትር ላይ ጆሮዬን በወስፌ የወጉኝ መሰለኝ። መዳፌን አወዛወዝኩ፣ ጆሮዬን ጠቆምኩ። እትዬ ቁልቁል ኮራሉን፣ ያንን ድንጋይ የሚመስል የባሕር ፍጥረት፣ አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩ። አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ። እኛ ዘንድ ይህ ምልክት «ጎበዝ» ማለት አይደለም፤ «እንውጣ» ማለት ነው።

ጀልባዋ ላይ ያሉት «መቶኛ!» ብለው አጨበጨቡ። እትዬ መዝገባቸውን አውጥተው በእርሳስ ጻፉ፦ «4 ሜትር፣ 6 ደቂቃ፣ አልተቆጠረም።»

«ኧረ እትዬ፣ ውኃው ውስጥ ገብተናል እኮ!» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ይሄ ደረሰኝ የለውም።»

በማግስቱ ከሌላ አባል ጋር ወረዱ። እኔ ጀልባ ላይ ቁጭ ብዬ ከአፍንጫዬ ጋር ስታገል ነበር። 14 ሜትር፣ 41 ደቂቃ። ሲወጡ ስለ ጥልቀቱ አንድም ቃል አልተናገሩም። «እታች ቆሎ የሚቆረጥም አለ» ነው ያሉት። ዓሣ ነው። ፓሮት ፊሽ ይባላል፤ ጥርሱ እንደ በቀቀን ምንቃር ነው። ኮራሉን እየነከሰ ይፈጨዋል፣ የተፈጨውንም ነጭ አሸዋ አድርጎ ይጥለዋል። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። እትዬ ማታ እራት ላይም ያንኑ ድምፅ ነበር የሚያወሩት። በጥርሳቸው ሳይቀር አሰሙን።

ከዚያ የመመለሻው ነገር መጣ። ወጣቶቹ ዛሬውኑ በባቡር እንሂድ አሉ። እትዬ ትኬት አንገዛም አሉ። እታች ስንተነፍስ አየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሰውነታችን ውስጥ ይሟሟል። የአካባቢው ግፊት ቶሎ ከቀነሰ አረፋ ሆኖ ሰውነትን ሊጎዳ ይችላል። ከመጥለቅ በኋላ ወዲያው አውሮፕላን የማንሳፈረውም ለዚህ ነው። ድሬ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ1,100 ሜትር በላይ ናት። እኛ ቆላ እንላታለን እንጂ ከጅቡቲ ለመጣ ዳገት ነች። ሙሉ ቀን ጠበቅን። የሻይ ሒሳብ ሁለቴ የሚደምሩት ሴት የተጨማሪውን ሌሊት አልጋ ያለ አንዳች ማጉረምረም ከፈሉ። እኔ በበኩሌ ከመቶው ይልቅ የገረመኝ ይሄ ነው።

ኬክ አላዘጋጀንም፤ ሙሸበክ አለ። የሚቀርበው ግን የሒሳብ ሪፖርቱ ከተሰማ በኋላ ነው። ትእዛዙ የኔ አይደለም።

ጉባኤያችን ተከፍቷል። እትዬ፣ ይምጡ እስቲ።